የላይ መንጋጋዬና የአንጋጫ ለቅሶ

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሺንሺቾ ተነሳሁ። የምሄደው ሆሳዕና፣ ጥርስ ለማስተከል ነው። ለሰው ግን «ለቢሮ ጉዳይ» ብያለሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው መምህር ጥርስ ሊያስተክል ነው ከሚባል ሞት ይሻላል! የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ናት።

ሚኒባሱ ዱራሜ ላይ ሰው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ገተረን። ከአንጋጫ በኋላ እንሰቱ በጭጋግ ተሸፈነ። ሌሞ ስንደርስ የገበያ ጋሪዎች መንገዱን ይዘውት ነበር።

ሆሳዕና፣ አምስት ሰዓት

ሐኪሙ ወጣት ነው። የመንጋጋዬን ራጅ እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ አጥንትዎ ሳስቷል፤ ጥርሱ የሚታሰርበትን ብሎን አይሸከምም» አለኝ። ከላይ መንጋጋ በላይ፣ ከአፍንጫ ጎን ባዶ ክፍተት አለ፤ ሳይነስ ይሉታል። ወለሉን ከፍ አድርጎ ከሥሩ የአጥንት ዱቄት ይሞላል። ጥርሱ የሚተከለው ዱቄቱ አጥንት ሲሆን፣ ከወራት በኋላ ነው። የዱቄቱን ሥራ ያኔውኑ ጀመረ። ማደንዘዣ ስለወሰድኩ አላመመኝም፤ የመሰርሰሪያው ድምፅ ግን ጭንቅላቴን በጠበጠው።

ሲጨርስ፣ «ለሁለት ሳምንት እንዳይናፈጡ፣ እንዳይጮሁ። ግፊቱ ዱቄቱን ካስወጣው ልፋታችን ገደል ገባ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሆሳዕና አደርኩ። እራቴ አጥሚት ነበር።

ማክሰኞ፣ አንጋጫ

ጠዋት ባለቤቴ ደወለች። አንጋጫ ያለችው አክስቴ፣ እናቴ ሞታብኝ ያሳደገችኝ፣ አርፋለች። ቀብሩ ዛሬ ነው።

በእኛ አገር ለቅሶ ቤት የሚመጣ ዘመድ ከሩቅ ጀምሮ እየጮኸ ነው የሚገባው። እኔ ያበጠ ጉንጬን ይዤ ዝም ብዬ ገባሁ። እንባዬም ንፍጤም ይወርዳል፤ በሶፍት እጠርጋለሁ። የአክስቴ ልጅ አበበች ፊቴ ቆመች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጥርሴን ታክሜ... ሐኪሙ እንዳትጮህ ብሎኝ ነው።»

«ለጥርስህ ብለህ ነው እናቴን የማታለቅስላት? አላምጣ ያጎረሰችህን?»

አፈርኩ፣ ተቃጠልኩ፤ ግን አልጮህኩም። ቀብሩ ላይ አጠገቤ የቆመ ሰው አልነበረም።

ሺንሺቾ

ማታ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ሁሉን ሰምታ፣ «ምናለ ቀድመህ ብትነግራቸው?» አለችኝ። ከጉዞው የተማርኩት ይህንኑ ነው። ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ «ልጁ ታሟል» ይልልኝ ነበር። እኔ ግን በማይታፈርበት አፍሬ ደበቅኩ።

ወራት አለፉ፤ አበበች እስካሁን ስልኬን አታነሳም። ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። አጥንቱ በደንብ ይዟል።