ከቴምፕሌቱ ላይ የፋቅሁት ስም

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ውስጥ በአንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት እሠራ ነበር። እናቴ ሐበሻ ናት፤ ሱዳናዊ አባቴ በወረቀት ስላልተቀበለኝ ተወልጄ ባደግሁበት በዴም ሰፈር ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ በአሠሪዬ በኩል እያሳደስኩ የምኖር የውጭ ሰው ነበርኩ።

ሥራችን ፓርሰር የሚጽፍ ፕሮግራም ማዘጋጀት ነበር። ፓርሰር ጽሑፍ ተቀብሎ በሰዋስው ሕግ የሚበትን ኮድ ነው። ፕሮግራማችን ሕጉን ብቻ ሲሰጡት ፓርሰሩን ራሱ ይጽፈዋል፤ ከባዶ ግን አይነሣም። ቴምፕሌት ይፈልጋል፦ እዚህም እዚያም ክፍት ቦታ የተተወለት፣ የቀረው ግን ያለቀለት ኮድ። እነዚያን ቴምፕሌቶች ሰባት ወር ሙሉ ተቀምጬ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። በዋናው ቴምፕሌት አናት ላይ ስሜን አኖርኩ። ፕሮግራሙ አዲስ ፓርሰር በጻፈ ቁጥር ስሜም አብሮ ይወጣል።

አንድ ቀን ሙዲሩ፣ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ቢሮው ጠራኝ።

«ስምህን አውጣው» አለኝ።

«ለምን?»

«ደንበኞቹ ሐበሻ እንደጻፈው ካወቁ ያቅማማሉ። መዓሌሽ፣ አይክፋህ።»

«እኔኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

«እኔ አውቃለሁ፤ ወረቀትህ ግን አያውቅም። በቦታው የእኔን ጻፍ፤ ያላ፣ ዛሬውኑ።»

ጻፍኩ። አንዲት ፊደል እንኳ አልሳትኩም። ከዚያ ፕሮግራሙን ሳስነሣው ፓርሰሮቹ ሁሉ በሱ ስም ወጡ።

ከወር በኋላ ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ ተቀጠረች። ቴምፕሌቶቹን እንዳስረዳት ታዘዝኩ። ሁለት ቀን ካነበበች በኋላ፣ «ሙዲሩ ወላሂ ጎበዝ ነው! ይህን ሁሉ ብቻውን ጻፈው?» አለችኝ።

«ጎበዝ ነው» አልኳት።

ከሥራ ስወጣ ሳጃና ሰፈር፣ እናቴ ቤት ሄድኩ። ሥራውን ልለቅ መሆኔን ከነምክንያቱ ነገርኳት። የምትለቅመውን ምስር ሳታስቀምጥ፣

«እኔ ዕድሜዬን የሰው ቤት ስወለውል ስሜን ግድግዳው ላይ ጽፌያለሁ?» አለች።

«እማዬ፣ ይሄ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው? ኢቃማህን የሚያሳድስልህ ማነው?»

እህል ሳልቀምስ ተነሥቼ ወጣሁ። ከሙዲሩ ይልቅ የሷ ንግግር አመመኝ። ሁለት ሳምንት ደጇን አልረገጥኩም።

ሥራውንም አልለቀቅኩም። እናቴ ቤት በሄድኩ ማግሥት ከደንበኛ ስሞታ መጣ፤ አዲሱ ፓርሰር ገና ሲነሣ ይወድቃል። ሙዲሩ እስከ ቀትር ሲዳክር ቆይቶ ላቡን እየጠረገ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። ስሕተቱ ቴምፕሌቱ ውስጥ ነበር፤ ያልተዘጋ አንድ ቅንፍ። ዘጋሁለት።

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ ቢሮው ገባ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ለደንበኛው በስልክ «ስሕተቱን አገኘሁት» ሲለው ሰማሁ።