የቀይዋ ጀልባ መቀነት

ባሕር ዳር ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ ካቻቢቴ ብቻ ነበር። እኔ የላስታ ልጅ፣ ከክረምት ኩሬ በቀር የተኛ ውኃ አይቼ የማላውቅ፣ ጣና ዳር የተደረደሩትን ጀልባዎች ገና ሳልነካቸው አዞረኝ። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ደጀኔ ወደ አንዷ ወሰዱኝና «መቀነቷን አውልቅ» አሉኝ።

መቀነት የምንለው ጀልባ በጠርዟ ዙሪያ የምትታጠቀውን ወፍራም ጎማ ነው። የፋይበር ግላስ ጀልባ ላይኛውና ታችኛው አካሏ ለየብቻ ይሠራና ጠርዝ ላይ ይጋጠማል። ጎማው መጋጠሚያውን ይሸፍናል፤ ስትላተምም ምቱን ይቀበላል። ሲያረጅ ወይም ሲቀደድ ወልቆ አዲስ ይታሰራል።

ብሎኑ ዝጎ እምቢ ሲለኝ ግራይንደር አነሣሁ። ጋሽ ደጀኔ ሶኬቱን ነቀሉት። «ብሎን በእጅ ነው የሚፈታው» አሉኝ። «ስትፈታው ወዴት እንደጎበጠ ታያለህ። ጀልባዋ ምን እንዳገኛት ከዚያ ነው የምታውቀው። ከቆረጥከው ምን ታያለህ?» ማምሻውን መዳፌ ተልጦ ስለነበር በሆዴ ሰደብኳቸው።

የሥራ ዘመኔን እዚያው ጨርሼ ላሊበላ ተመለስኩ። እዚህ ጀልባ የለም። የተሰነጠቀ የውኃ ታንከርና የተጋጨ ሚኒባስ እየለጠፍኩ እኖራለሁ።

ታዲያ በቅርቡ አንድ ጠዋት አይሱዙ መጥቶ ግቢዬ ውስጥ ቀይ ጀልባ አራገፈ። ትንሽ ናት፤ አፍንጫዋ የሾለ፣ ለፍጥነት የተሠራች። ባለቤቷ ሙሉጌታ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ የተከዜ ግድብ ሐይቅ ላይ እንግዳ ያንሸራሽርባታል። በቀኝ ጎኗ መቀነቷ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል።

«ድንጋይ ነክቷት ነው ጋሼ» አለኝ። «ቶሎ ይጨርሱልኝ፤ ገዢ አግኝቼላታለሁ።»

«የሚነዳት ማን ነበር?»

«አንድ የኮን ከተማ ልጅ፣ አስማረ የሚባል። ጥሎኝ ወደ መተማ ሄደ።» ይህን ሲለኝ የሚያየው መሬት መሬቱን ነበር።

የሰፈሩ ሰው «ምነው፣ የጥፋት ውኃ መጣ እንዴ?» እያለ ሲያላግጥብኝ አረፈደ። ከሰዓት በኋላ ከአሸተን ማርያም በኩል የሚወርደው ነፋስ ተነሣ። በተገነጠለው ጎማ ሥር እየገባ ያቃስታል። የተንጠለጠለው ጫፍ የጀልባዋን ጎን ኳ ያደርጋል፤ ትንሽ ይቆይና ደግሞ ኳ። ሰው ያንኳኳ መስሎኝ ደጋግሜ የግቢውን በር ከፈትኩ። ሲያላግጡ የነበሩትም በመንገዱ ወዲያኛው ዳር ማለፍ ጀመሩ።

ጎማውን በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። ማንኳኳቱ ቆመ። እኔ ግን በዚህ ጎን ስሠራ በዚያኛው ጎን ሰው ቁጢጥ ያለ እየመሰለኝ ዞሬ ዞሬ አያለሁ። ማንም የለም። በዚህ ዕድሜዬ ለመናገር አላፍርም፤ ፈርቻለሁ።

ግራ ጎኗን ያለ ችግር ፈታሁ። ቀኙ ጋ ስደርስ ነገሩ አላምር አለኝ። ድንጋይ ጎማን ወደ ውስጥ ይጫናል፣ ቀለም ይፍቃል። ቀለሟ ግን ምንም አልሆነም። ብሎኖቹ በሙሉ የጎበጡት ወደ ታች ነው። ጎማው ተስቦ ነው የተገነጠለው፤ ከውኃው በኩል ከባድ ነገር ተንጠልጥሎበት። በታችኛው ከንፈሩ ላይ ጎን ለጎን የተሰለፉ ጭረቶች አየሁ። ጣቶቼን አስጠጋሁባቸው። ልክክ አሉ። እጄን ቶሎ ሰበሰብኩ።

ሙሉጌታ ደርሶ «እስካሁን እዚሁ ነዎት? በግራይንደር ይቁረጡት እንጂ» አለኝ።

«በእጅ ነው የምፈታው» አልኩት።

የጎማው መገንጠል የቆመበት አንድ ያልለቀቀ ብሎን ነበር። ብዙ ታገለኝ። ሲወጣ በአንገቱ ላይ የተጠመጠመ ጥቁር ክር ይዞ ወጣ። ማተብ ነው። ጫፉ ላይ የብር ጆሮ ኩክ ማውጫ ተንጠልጥሏል። ጀልባዋ ያን ሁሉ መንገድ በፀሐይ መጥታ ክሩ እርጥብ ነበር።

ተጠላልፎ የቀረ እንዳይባል በደንብ ተቋጥሯል። ውኃ ውስጥ ያለ ሰው በአንድ እጁ ጎማው ላይ ተንጠልጥሎ፣ በሌላው ማተቡን ከአንገቱ አውልቆ፣ በክፍተቱ አሾልኮ በጥርሱ እያገዘ አስሮታል። በእኛ አገር ሰው ማተቡን በገዛ እጁ አያወልቅም። እተርፋለሁ የሚል ሰውማ ጭራሽ አያደርገውም። ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ።

ክሩን ሳሳየው ሙሉጌታ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ባዶዋን ስትንሳፈፍ ነው ያገኘናት» አለ። «ብዙ ፈለግን፤ ሬሳ የለም። ሬሳ ሳላሳይ እናቱን ሞተ ልበላቸው? መተማ ሄደ አልኳቸው። ተስፋ ይሻላቸዋል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እና እየጠበቁት ነው?»

«እየጠበቁት ነው።»

«እኔ አደርስላቸዋለሁ» ብሎ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። እስከ ጋሸና አብሮኝ መጣ፤ እዚያ ምግብ ቤት ገብቶ ሻይ አዘዘና አልነሣም አለ። ወደ ኮን ብቻዬን ሄድኩ።

እናቱን እትየ ዘውዴን ደጃቸው ላይ ባቄላ ሲፈለፍሉ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ የወንድ ጫማ አለ።

«የልጄ ነው» አሉኝ፣ ሳየው አይተው። «ከመተማ ሲመለስ በባዶ እግሩ እንዳይሆንብኝ።»

ከላሊበላ የመጣሁ ጀልባ ጠጋኝ መሆኔን ነገርኳቸው። ክሩን መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። የኩክ ማውጫዋን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ይችን እኔ ነኝ በድንጋይ ያጎበጥኋት። የት አገኟት?»

«ከጀልባዋ ጎማ ሥር፣ እትየ። በውኃው በኩል።»

ክሩን አገላበጡት። «ቋጠሮውን ፈቱት እንዴ?»

«አልፈታሁትም። ብሎኑን ነው የፈታሁት።»

ቋጠሮውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ግራኝ ነው አስማረ። ጥጃም ሲያስር እንዲህ ወደ ግራ ነው የሚጠመዝዘው» አሉ። «እጁ ነው። ሰው ነጥቆት ቢሆን፣ ወድቆበት ቢሆን እጠብቀው ነበር። ራሱ ነው የላከልኝ።»

ነጠላቸውን አወረዱ። ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው፣ አዘቅዝቀው ለበሱት። ጫማውን አንሥተው ወደ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ በኋላ ነው ድምፃቸውን ያሰሙት። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ እኔም እስኪበቃቸው አብሬ አለቀስኩ። ልጁን አላውቀውም፤ ግን ጣቶቹ ያረፉበት ላይ ጣቶቼ አርፈዋል።

ተመልሼ ሥራዬን ጨረስኩ። አዲሱን ጎማ የፈላ ውኃ ውስጥ ነክሬ አለሰለስኩት፤ ከአፍንጫዋ ጀምሬ እየሳብኩ አሰርኩት፤ መጋጠሚያውን በሲሊኮን ደፈንኩ። በቀኝ ጎኗ ማንም ያላዘዘኝን አንድ ነገር ጨመርኩ፤ እስከ ውኃው የሚወርድ የገመድ መወጣጫ። ሙሉጌታ ገዢው አይወደውም አለኝ። ገመዱን አጥብቄ አሰርኩት፤ እሱም አልፈታውም።

ለእናንተ ሙያውን ለያዛችሁት የምለው ይኸው ነው። ብሎን በእጅ ይፈታል። ያን ዕለት ግራይንደር አንሥቼ ቢሆን ክሩ ይቃጠል ነበር፤ እትየ ዘውዴም ዛሬም ጫማ ይወለውሉ ነበር።