የታፊ ማሰሪያ

ሜርል ትራንተር ካንጋሮ ትወዳለች የሚል ሰው አያውቃትም። ትጠላለች የሚልም እንደዚያው። በአውስትራሊያ በረሃ፣ ከቡርክ ከተማ ወዲያ የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ ስጠግን ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ፤ እዚህ ካንጋሮን የሚወድም የሚጠላም የለም፣ አብሮት ይኖራል እንጂ።

ሜርል መኪና የገጨው ካንጋሮ መንገድ ዳር ወድቆ ካየች ሳትቆም አታልፍም። ወርዳ የሆዱን ኪስ ትፈትሻለች። ነፍስ ያለው ግልገል ካገኘች በትራስ ልብስ ጠቅልላ ወደ ቤት ትወስደዋለች፤ የትራስ ልብሱን ወጥ ቤቷ በር ላይ ታንጠለጥልና በጡጦ ታሳድገዋለች። ስድስቱን እንዲህ አሳድጋ ለቃለች፤ ከለቀቀቻቸውም በኋላ ለጥቂት ጊዜ በፒክአፗ እየሄደች ክላክስ ትነፋና ወተት ታደርስላቸው ነበር። ባሏ ሌስ በሕይወት ሳለ፣ «እኔ በጥይት ስቀንስ አንቺ በጡጦ ትጨምሪያለሽ» ይላት ነበር።

«ሥራ እንዳትፈታ ብዬ ነዋ» ትለው ነበር።

የመጨረሻዋ ታፊ ነበረች። ግራ ጆሮዋን ውሻ ሸርፎታል። ሜርል ስትለቃት ከጭነት መኪና ቀበቶ ቆርጣ ብርቱካናማ ማሰሪያ ሠራችላት፤ የታፊንም ስም በሰማያዊ ክር ሰፋችበት። ማሰሪያ ያለበት ካንጋሮ እንደማይተኮስ ያገሩ አዳኝ ሁሉ ያውቃል። ዘለበቱን ስትቆልፍ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ሁለት ጣቷን በማሰሪያው ሥር አስገብታ ክፍተቱን ለካች።

«ጠበቅ አድርጊው እንጂ፣ ይወልቃል» አልኳት።

«አንተ የምታስረው ቧንቧ ነው ክላይቭ፣ እኔ የማስረው ነፍስ ያለው ነው። ስታድግ ይነቃት?»

ይህ የሆነው ሣር በነበረበት ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብ ለሦስት ዓመት ጠፋ። ኩሬው ጭቃ ብቻ ሆነ፤ ሊጠጣ የገባ በግ እዚያው ጭቃው ይዞት ይቀራል። ሜርል በጎቿን ሸጠች፣ የቀሩት ስድሳ እናት በጎች ብቻ ናቸው። ሌስ አርባ ዓመት መርጦ ያራባቸው ዘር ነው። እነሱ ካለቁ፣ ዝናብ ቢመጣም የምትነሳበት የላትም። ያላት ውሃ ደግሞ የእኔ አሮጌ ፓምፕ እየጎተተ የሚሞላው አንድ ገንዳ ነው።

ገንዳውን ካንጋሮ ወረሰው። ጎህ ሲቀድ በመቶ እየሆኑ ይመጣሉ፤ በጎቹ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው እርጥብ ሲሚንቶ ነው። ብታጥረው በአጥሩ ሥር ፈልፍለው ገቡ። አንድ ማለዳ ሁለት በጎች ወድቀው ነፍሳቸው ሳይወጣ ቁራ ዓይናቸውን አውጥቷቸው አገኘች። ያን ዕለት ስልክ ደወለችልኝ።

«ለሃምሳ ካንጋሮ የመግደያ ፈቃድ አውጥቻለሁ» አለችኝ። «ነገ እጀምራለሁ። አንተ ዛሬ መጥተህ ፓምፑን እየው፣ ግማሹ ውሃ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው።»

«ታፊስ?»

«ማሰሪያ አላት። ዓይኔ ገና አልጠፋም» ብላ ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ገንዳው አጠገብ ያለው የቧንቧ መገጣጠሚያ ተሰንጥቆ ያንጠባጥባል። ማጥበቂያ ብረት አልያዝኩም፤ ከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ካንጋሮዎቹ ሾልከው በሚገቡበት በኩል፣ በአጥሩ የታችኛው ሽቦ ላይ ጭቃ የደረቀበት ቀበቶ ተንጠልጥሎ አየሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ቁራጭ ሽቦና ቁራጭ ጠፍር አይቼ አላልፍም። የኛ አገር ቤት ሁሉ የቆመው በቁራጭ ነው። ስንጥቁን በጎማ ጠቀለልኩት፣ ቀበቶውን በላዩ ጠምጥሜ ጥርሴን ነክሼ አጠበቅኩት። ማንጠባጠቡ ቆመ፤ እርጥበት ብቻ ቀረ። ሜርል ደስ ብሏት እራት ጋበዘችኝና እዚያው አደርኩ።

ሲነጋጋ ፒክአፗ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ክላክስ አልነፋችም፤ የሞተሩ ድምፅ ግን ነበር። አሥራ አንድ ካንጋሮ ተኩሳ ጣለች። የቀሩት እየዘለሉ ሸሹ። አንዷ ግን አልሸሸችም። አጥንቷ ብቻ የቀረ ናት፤ ቀስ እያለች ወደ እኛ መጣች።

«ይቺ ምን ሆና ነው?» አልኩ።

ሜርል በጠመንጃው መነጽር ረጅም ጊዜ አየቻት።

«አንገቷ ባዶ ነው» አለችና ተኮሰች።

ከዚያ እንደ ልማዷ ወርዳ የእያንዳንዱን ሴት ካንጋሮ ኪስ ፈተሸች። መጨረሻዋ ጋ ስትደርስ ተንበርክካ ቀረች። ግልገል ያገኘች መሰለኝ።

«አለ?»

«ባዶ ነው።»

ግን አልተነሳችም። የካንጋሮዋን ግራ ጆሮ ይዛ የተሸረፈውን ቦታ በአውራ ጣቷ ትዳብሰዋለች።

«የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ነው የመጣችው። ወተት መስሏት» አለች። ከዚያ ጮክ ብላ፣ «አይቻለሁ እኮ ክላይቭ! ደጋግሜ አይቻለሁ!»

ከዚያ ተነስታ እጇን ልትታጠብ ወደ ገንዳው ሄደች፣ ተከተልኳት። ገንዳው ግማሽ ድረስ ሞልቷል፤ በጎቹ መጥተው አንገታቸውን ደፍተው ይጠጣሉ። ዓይኔ መገጣጠሚያው ላይ ሲያርፍ ክው አልኩ። ሌሊቱን እርጥበቱ ጭቃውን አጥቦታል። ቀበቶው ብርቱካናማ ነው፣ በላዩ ሰማያዊ ክር አለ። ማንም አልፈታውም ነበር፤ ረሃብ አንገቷን አቅጥኖት፣ በአጥሩ ሥር ስትሾልክ ሽቦው በጭንቅላቷ በኩል አውልቆታል። እኔ ደግሞ ዘለበቱን ፈትቼ ቧንቧ አስሬበታለሁ። ያን ቀበቶ ገልብጬ ባየው፣ ወይ ለሜርል ባሳያት ኖሮ! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሜርልም አየችው። ልፈታው ጎንበስ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ሜርል፣ እኔ አላወቅኩም...»

«ተወው። ከፈታኸው ውሃው ይፈሳል።»

ሁለት ጣቷን በማሰሪያው ሥር ልታስገባ ሞከረች። አልገባላትም።

«አጥብቀህ ነው ያሰርከው» አለች።