በሁለት ጎርፍ መሀል

ያን ዓመት ከዶሎ እስከ ነገሌ ሣር የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴ ነገሌ ላለው ሱቃችን ከዶሎ ስኳርና ጨርቅ በጭነት መኪና አስጭኖ ሲመለስ አብሬው ነበርኩ። መንገድ ላይ አንዲት የቦረና ባልቴት ላማቸውን ይዘው እጃቸውን ዘረጉ። ከብቶቻቸው አልቀው የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ነገሌ አጠገብ ያለው ወንድሜ ያከማቸው ድርቆሽ አለው፣ እሱ ጋ ካደረስኳት ትተርፋለች ብለው ነው። አባቴ ሾፌሩን አስቆመው። ላሟ መቆም ስላቃታት ተረባርበን ተሸክመን ከጆንያዎቹ ጎን አስተኛናት።

አንዱን ደረቅ ወንዝ እንደተሻገርን ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ ሁላችንም ደስ አለን፤ ባልቴቷ መዳፋቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ አመሰገኑ። ዝናቡ ግን አላባራም። የደረቀው መሬት ውሃውን አልቀበል አለ፤ ፊት ለፊታችን ያለው ወንዝ ሞልቶ ዛፍ እየነቀለ ይወርድ ጀመር። ሾፌሩ መኪናውን አዙሮ ሲመለስ የተሻገርነውም ሞልቶ ጠበቀን። ወዲያም ወዲህም መሄጃ አጣን። ጎርፉ የሞቱ ፍየሎችና በጎች እየነዳ ስለሚያልፍ በውሃ ተከበን ውሃ ጠማን።

አመሻሹ ላይ ብርዱ ሲበረታ ላሟ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ባልቴቷ አንገቷን አቅፈው፣ «የከሳ ከብት ድርቁን ቢችልም ዝናቡ ይገድለዋል» አሉኝ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ስኳሩ የተሸፈነበትን ሸራ መፍታት ጀመረ።

«አባዬ፣ ስኳሩስ?»

«ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አለኝ።

ሸራውን ላሟ ላይ አለበስናት። ስኳሩ እየቀለጠ በመኪናው ወለል ሲወርድ እያየሁ ተናድጄ ነበር። ላሟ ግን ጠዋት ሞታ አገኘናት። ባልቴቷ አላለቀሱም፤ ሸራውን አጥፈው ለአባቴ መለሱለት።

ዛሬ የምድር ሙቀት መጨመር ድርቁንም ዝናቡንም እያከፋው ነው ሲባል እሰማለሁ። ያኔ ይህን የነገረን አልነበረም። ባልቴቷ ያሉት፣ በልጅነታቸው እንዲህ ያለ ድርቅ ከመጣ ሌላው እስኪመጣ ልጅ አድጎ ይወልድ እንደነበር፣ አሁን ግን ከብቱ ሳያገግም እንደሚደገም ነው።

ውሃው ጎድሎ ተሻግረን ነገሌ አጠገብ ስንደርስ፣ እንደሚመጡ ቀድመው የላኩበት ወንድማቸው መንገድ ዳር ይጠብቅ ነበር።

«ናጋ?» አላቸው፣ ሰላም ነው ወይ ሲል።

«ናጋ» አሉት፣ የቦረና ሰላምታ በመከራም ቢሆን መልሱ ይኸው ነውና፤ ከመኪናው ወርደው ወደ ቤቱ አብረው ሄዱ።