ዳኘው ደመና ላይ ያስቀመጠው ቤት

የዚያ ዓመት ክረምት ሲወጣ ጣና ሞልቶ ደንገሉን ሁሉ ውጦት ነበር። ጠዋት ጠዋት ንፋሱ እርጥብ ሣር፣ ዓሣ ዓሣም ይሸታል፤ ወንበሬን በር ላይ አውጥቼ እሱን ስምግ አረፍድ ነበር። ጉልበቴም ደኅና፣ ጠያቂም አላጣም። አሁን ሳስበው ሆዴ ይባባል። ጎረቤቴ ዳኘው ምስጢረኛ የሆነብን በዚያው ሰሞን ነው።

ዳኘው የአንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። የግምጃ ቤት ሰው ደግሞ ቁልፍ ይወዳል። ቁም ሣጥኑን ይቆልፋል፤ ስልክ ሲደወልለት ከጽድ ዛፉ ጋር የሚማከር ይመስል አጥር ጥግ ሄዶ ያንሾካሹካል።

ሚስቱ ሰገነት "ይተዉት እማማ፣ ሥራ በዝቶበት ነው" ትለኛለች።

በርግጥም በዝቶበት ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባታሚት ላይ በእህቱ ስም ቤት ያሠራል፤ ቤቱ ሲያልቅ ሰገነትን ባዶ እጇን ሊፈታ።

አዲስ ላፕቶፕ ገዛና አሮጌውን ለሰገነት ጣለላት። ኮምፒውተር ጠጋኙ ካሊድ ኋላ እንዳጫወተኝ፣ የጻፈውም ፎቶ ያነሣውም እንዳይጠፋበት በራሱ ጊዜ ደመና ላይ እየሄደ እንዲቀመጥ አስደርጎ ኖሯል። ደመና የሚሉትም የሌላ አገር ሰው ኮምፒውተር ነው አለኝ።

ካሊድ "ጋሼ፣ አሮጌው ላይም ያው አካውንት ክፍት ነው፤ እንዝጋው" ቢለው፣

"እሷ ፊልም ከማየት በቀር ምን ታውቃለች? ይልቅ ቶሎ በል" አለው።

ከዚያ ወዲያ እሱ አዲሱ ላይ ያስቀመጠው ሁሉ ሚስቱ ዘንድ ዱብ ይል ጀመር። የቤቱ ፕላን መጣ። ከእህቱ ጋር የተዋዋለው መጣ። የፍቺው ማመልከቻ ገና ሳይጨርሰው መጣ። ሰገነት ጠራችኝና አብረን አየን። እኔ ለቅሶዋን ስጠብቅ፣

"ማድ ቤቱ አልጠበበም እማማ?" አለችኝ።

"ጠቧል" አልሁ።

በማግሥቱ በባጃጅ ሰባታሚት ሄደን ግንበኛውን አዝዘን አሰፋነው። ዳኘው እህቱ ያዘዘች መስሎት ከፈለ።

ጣሪያው እንዳለቀ ዳኘው ለፍቺው ሽማግሌ ሰበሰበ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ወልደ ዮሐንስ የጋራ ሀብት እንዳላቸው ጠየቁት።

"ከደመወዜ በቀር የድንጋይ ካብ እንኳ የለኝም። እምላለሁ።"

ሰገነት አሮጌውን ላፕቶፕ ከፍታ ሽማግሌው ጉልበት ላይ አኖረችው። ፎቶው ላይ ዳኘው አዲስ ቤት በረንዳ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። አቶ ወልደ ዮሐንስ መነጽራቸውን አስተካከሉና፣

"ይህ ሰውዬ አንተን ይመስላል" አሉት።

"ማን ሰጠሽ?" አለ ዳኘው ወደ ሚስቱ ዞሮ።

"አንተው ነሃ። በየቀኑ ትልክልኛለህ። ከተጋባን እንዲህ አዘውትረህ ያጫወትኸኝ ጊዜ የለም።"

ሽማግሌዎቹ ከመሐላው ይልቅ በረንዳውን አመኑና ቤቱን ለሰገነት ፈረዱ። እህቲቱም ፍርድ ቤት ከመቆም ቤቱን በሰገነት ስም ማዛወር ይሻለኛል አለች። እኛ ያየነው ይኸው ነው፤ የደመናው ባለቤቶች ምን ምን እንዳነበቡ እነሱ ያውቃሉ።

ሰገነት ሰባታሚት ናት። ዳኘው ሥራውን ለቆ ሄዷል፤ በመጨረሻ እንደሰማሁት እንፍራንዝ ከተማ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል።