የጽዋው አንገት

ስንቄ ተቀምጣ እህል የቀመሰችበትን ቀን ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ዳባት ተወለደች፣ ኮሶዬ ተዳረች፣ ደግማ ደባርቅ ተዳረች፣ ሁለቱንም ባሎች ትታ ዳባት ተመለሰች። "ምን አጎደሉብሽ?" ሲሏት፣ "እኔ እንጃ! እግሬ አልረጋ አለኝ" ትላለች። ይኸው አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ሸክላ ስትሠራ እንኳ እንደ ጓደኞቿ አትቀመጥም፤ ጎንበስ ብላ ጭቃውን ትዞረዋለች።

የሚያንቀዠቅዣትን ነገር ግን የሚያውቅ ያውቃል። እናቷ ሸክላ ሠሪዋ ብርሃኔ የሞተችው ስንቄ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው። ፎቶ የላትም። መልኳን የምታስታውስበት አንዳች ነገር የላትም። ያሳደገቻት፣ ሙያውንም ያስተማረቻት የእናቷ እህት ባንቻየሁ ናት።

እትዬ ባንቻየሁ ስታስተምር አፏ አያርፍም ነበር። "የመጀመሪያው ዋንጫ ምን ይመስልሻል? እፍኝ ነው! ሰው ወንዝ ዳር ተንበርክኮ በእፍኙ ጠጣ። እፍኝ ደግሞ ያፈሳል፤ ቤት ድረስም አይወስዱበት። ሲቸግረው ጊዜ ጭቃውን እንደ እፍኙ ጎድጎድ አደረገው። እንዲይዝለት ሆድ ሰጠው፤ ትከሻ ሰጠው፤ አንገት ሰጠው፤ አፍ ሰጠው፤ ለመያዣ ጆሮ አበጀለት። ሰው አደረገው እኮ! ምላስ ብቻ ነው የከለከለው። ደግ አደረገ፤ የጠጪውን ሁሉ ጉድ ይዘረግፈው ነበር!"

ከሳቁ በኋላ ቁም ነገሩ ይመጣል። "አንገቱን በራስሽ እጅ ለኪ። ጭብጥሽ ገብቶ ከወጣ ልክ ነው፤ ካልገባ ማን ያጥበዋል? ከውጭ በጠጠር እያሸን እናለሰልሰዋለን። ውስጡን ግን ማን ያየዋል ብለሽ? የሠሪዋ ጣት እንዳለፈበት ይቀራል።"

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል የዘጠኝ ዓመቷ ስንቄ ልብ ውስጥ ገብታ ቀረች። እንግዲያው የእናቷ ጣት አንድ ቦታ አለ ማለት ነው! አክስቷ ደግሞ እጇን በያዘች ቁጥር "እጅሽ ቁርጥ የብርሃኔ" ትላታለች። የብርሃኔ ሥራ የሚታወቀው ትከሻው ላይ በጥፍር በተጫኑ ሦስት ምልክቶች ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቄ የሰው ፊት ሳይሆን የሰው ማሰሮ ትከሻ ስታይ ኖረች። የደረስጌ ማርያም ንግሥ ሄዳ ከመሳለሟ በፊት የጠላ ሻጮቹን ዕቃ ታያለች። መካነ ብርሃን ለልቅሶ ሄዳ ጓዳ ገብታ ገንቦ ስታገላብጥ "ሌባ!" ተብላ ልትደበደብ ምንም አልቀራት። ስብርባሪ እንጂ ደህና ዕቃ አላገኘችም። ዛሬ ዛሬማ ጄሪካን አገሩን ሞላው። "ሰው የማይመስል ዕቃ!" ትላለች፤ ባየችው ቁጥር ትቆጣለች።

ባለፈው ኅዳር ሃያ አንድ፣ ዳባት ገበያ ሸክላዎቿን ዘርግታ ሳለ፣ አንዲት የደባርቅ ሴት ማሰሮ አነሳችና ትከሻውን ዳበሰችው። "እንዲህ ልሙጥ ከሚሆን ምናለ ጥፍር ቢጤ ብታደርጊበት? የኛ የማርያም ማኅበር ጽዋ እንዲህ እዚህ ጋ ሦስት አለው፤ ያምርበታል።"

ስንቄ ማሰሮውን ነጠቀቻት። "የት ነው ያለው?"

"ባለፈው ወር አለምነህ ቤት ነበር። መናኸሪያው ጀርባ።"

ሸክላውን ለማን ትታ እንደሄደች እሷም አታውቅም። የደባርቅ ሚኒባስ ውስጥ ገብታ እንኳ አላረፈች፤ ሹፌሩን "ወይ ንዳው፣ ወይ ውረድልኝ!" እያለች ተሳፋሪውን አሳቀችው። እሷ ግን አልሳቀችም። የማኅበር ጽዋ እንደሆነ አንድ ቤት አይከርምም፤ በየወሩ ባለተራው ደግሶ ያስቀምስና ለተከታዩ ያስረክባል። እንደሷው ዟሪ ነው።

አለምነህን በሩ ላይ ጋቢውን ሲለብስ አገኘችው። "አይ እህቴ፣ ከኔ ዘንድ ወጥቷል። ኤልሳቤጥ ተረክባዋለች፤ ዛሬ ተራዋ ነው። እኔም ወደዚያው..." ሳይጨርስ ተፈተለከች። "ቤቱን ታውቂዋለሽ?" ብሎ ጮኸባት። "ቀዩ በር ነው! ኧረ ወደ ግራ! ወደ ግራ!"

ቀዩ በር ገርበብ ብሏል። ጸሎቱ አልቋል፤ ጽዋው ተቀምሷል፤ ማኅበርተኛው በየመደቡ ተቀምጦ ጠላውን ይጠጣል። ባለቤቲቱ ኤልሳቤጥ ባዶውን ጽዋ አጥባ በነጭ ጨርቅ ታደርቀዋለች። ትንሽ፣ ሆዱ ድብልብል ያለ፣ በጭስ የጠቆረ ዕቃ ነው። ትከሻው ላይ ሦስት ጥፍር።

የሸክላ ሠሪ ልጅ በዚያ አገር የተናቀች ናትና ከማኅበር ደጃፍ አልፋ መግባት አልለመደባትም። ስንቄ ግን ሰተት ብላ ገባች። "እናቴ ናት የሠራችው" አለች፤ ሰላምታ እንኳ አላቀረበችም። "አልወስድባችሁም። እጄን ብቻ ላግባበት።"

"ጽዋ ውስጥ? በስመ አብ!" አለ አንዱ። ሁሉም ዞረው የማኅበሩን ሙሴ፣ መሪያቸውን ሽማግሌውን አቶ ሀብተ ሚካኤልን አዩ። እሳቸው ልጅቷን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩ። "ታጥቧል አይደል? ተዋት" አሉ።

ስንቄ ገዢን ሁሉ "መጀመሪያ ጭብጥሽን ለኪበት" የምትል ሴት ናት። ያን ቀን ግን አልለካችም፤ እጇ ቁርጥ የእናቷ መሆኑን ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታለቻ! ጭብጧ አንገቱ ላይ ቆመ። አውራ ጣቷን አጠፈችና ገፋች። ቆዳዋ ተላጠ፤ ገባ። ጣቶቿን ውስጡ ዘረጋች።

አገኘቻቸው። አራት ቦይ፣ ጎን ለጎን፣ ከታች ወደ ላይ። ጣቶቿን ልታሳርፍባቸው ሞከረች። ቦዮቹ ጠበቧት። የሷ ሦስት ጣት አራቱንም ሸፈናቸው። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ያው ነው። ግራ ገባት። "የሷ አይደለም" ብላ እጇን ሳበች፤ እጇ አልወጣም። ብትጎትት፣ ብታዞር፣ አልወጣም።

ቤቱ ተደበላለቀ። "ጉድ ፈላ! ከመስበር ሌላ ምን መላ አለው?" አለ አሁን የደረሰው አለምነህ።

"እንዳትነኩት! ክንዴን ቁረጡት እንጂ እንዳትነኩት!" ጽዋውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

"ማንም አይሰብረውም" አሉ አቶ ሀብተ ሚካኤል። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። "ልጄ፣ የሷ ነው። እኔው ነኝ የተቀበልኳት። ማኅበሩ ሲመሠረት ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሊሆነው ነው። እናትሽ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሕፃን ልጅ። በራሴ እጅ የሠራሁት የመጀመሪያዬ ነው ብላ በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣችው፤ ዋጋ አልተቀበለችም። ጽዋው ሲሞላ ልይ ብላ በሩ ላይ ቆመች። ግቢ ያላት የለም። እኔም አላልኳትም። ብዙ ቆማ ሄደች።"

ስንቄ በጽዋው ውስጥ ጣቶቿን አላላች። ስትፈልጋት የኖረችው ትልቅ ሴት ነበረች፤ አቅፋ የምትይዛት። ያገኘቻት ከጉልበቷ ላይ አስቀምጣ የምታባብላት ሕፃን ናት። እንባዋ መጣ፤ የሚጠርገው እጅ ግን አንዱ ጽዋው ውስጥ፣ አንዱ ጽዋውን አቅፎ ነበር።

ሽማግሌው ከመደቡ ተነሱ፤ የተነሱበትን ቦታ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። "ነይ፣ ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። በዋንጫ ጠላ አስቀዱና በራሳቸው እጅ ከአፏ አስጠጓት፤ ጠጣች።

ኤልሳቤጥ ከጓዳ የኑግ ዘይት በሳህን ይዛ እየሮጠች መጣች። "ይኸው፣ ይኸው! በዚህ ሙልጭ ብሎ ይወጣልሻል። አምጪው ክንድሽን።"

ስንቄ ጽዋውን ጉልበቷ ላይ አደላድላ እግሯን ዘረጋች።

"ትንሽ ቆዪ፣ እቴ" አለች። "ምን ያስቸኩለናል?"