ሁለት ጊዜ የሚጣራው

ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ኮምፒውተሩን እንደ ታመመ ሕፃን ታቅፎታል። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ ጫማው ግን የበየዳን ጭቃ አልለቀቀም።

«ምነው ልጄ፣ አሞሃል?»

«አይ እማማ፣ ይህ ፕሮግራም የስልክ መልእክቱን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ይልካል። ሰው ተማሮ ዛሬውኑ አርመው ተብያለሁ። አሮጌ ስልክ ደግሞ የሚይዘው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ካረምሁት በየዳ ላለችው እናቴ አይደርሳትም።»

እኛም ዱሮ ከገደል ማዶ ስንጣራ የመጀመሪያው ጆሮ ማንቂያ ነበር፤ ነገሩ የሚሰማው በሁለተኛው ነው።

«እንግዲያው ተወዋ!» አልሁት።

«እንጀራዬስ?» አለና ኮምፒውተሩን ከፈተ።

ዳባት መግቢያ ላይ እርማቱን የሚያጸድቀውን ቁልፍ ተጫነው። ከዚያ ስልኩን አነሣ።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ መልእክት አትጠብቂ፤ እደውልልሻለሁ» አላት። ድምፁን ከፍ አድርጎም ያንኑ ደገመላት።